ትርሲት በር ላይ የተተከለው ድንኳን

ወሬው መጀመሪያ የደረሰኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ሀዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ታቦር ሰፈር እየሄድኩ ነበር። ሾፌሩ ሙዚቃ ይሁን ጠብ ያልለየሁት ነገር ከፍቶ ይነዳል።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቀንስልኝ» አልኩት።

ቀነሰልኝና በመስታወቱ አየኝ። «እናቴ፣ ይቺ እኮ የሰፈራችን ልጅ ናት። የቋጥኝ ባንድ ዘፋኝ። ፖስተሩን አላዩትም እንዴ?»

ከጀርባው የተለጠፈውን አየሁት። ፀጉሯን በትና፣ ማይኩን ልትውጠው የደረሰችው ልጅ እኔ ቤት የምታድረው የእህቴ ልጅ ትርሲት ነበረች።

ይህን የምጽፈው ስለ ሙዚቃው ብዬ አይደለም። ከዚያ ወሬ የተነሳ እኔና እህቴ አንድ ከሰዓት በቁማችን ሞተን ስለተነሳን ነው።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሀዋሳ የመጣሁት በሥራ ዝውውር ሲሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ጾም ጸሎቴን ይዤ፣ ከሰው ሳልደርስ የምኖር ሴት ነኝ። ትርሲት ዩኒቨርሲቲ ሀዋሳ ሲደርሳት እናቷ «አደራሽን፣ ከዓይንሽ እንዳትርቅ» ብላ ነው የላከችልኝ። እህቴ ባሏን በወጣትነቷ ቀብራለች። ያለቻት ይቺው አንዲት ልጅ ናት።

እቤት እንደገባሁ ጠየቅኋት። አልዋሸችኝም። «እታለም፣ ልነግርሽ እየፈራሁ ነው የቆየሁት» አለች።

ዘፈኑ ሀርድ ሮክ ይባላል። ጊታርና ከበሮ ቸርች ውስጥ የተማሩ ሦስት ወንዶች ልጆች መናኸሪያ አጠገብ ያለ ጋራዥ ሲዘጋ እየገቡ ይለማመዱ ነበር። ዘፋኝ አልነበራቸውም። ጊታር መቺው የክፍሏ ልጅ ነውና አንድ ቀን ለቀልድ ማይክ ሰጣት። ማይኩን ከዚያ ወዲህ አልመለሰችላቸውም። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ተማሪው ሳቀባቸው፤ ሴት ልጅ እንዲህ ስትጮህ አይቶ ስለማያውቅ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን የሳቁት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ተጫወቱ፣ ከዚያ ሻሸመኔና ዲላ ተጠሩ። ከአዳማ ሚኒባስ ተከራይተው እሷን ለመስማት የሚመጡ ልጆች ነበሩ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ናት እያልኩ እራቷን እሸፍንላት ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ግጥሙ ምን ይላል?» አሉኝ። ከጩኸቱ የተነሳ እንዳልሰማሁት ስነግራቸው «እንግዲያውስ ቃሉን ጠይቂና አምጪልኝ» አሉ። ትርሲት ቁጭ ብላ በዝግታ አነበበችልኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም በይ ስለተባለች ሴት ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። «እኔ ኃጢአት አላየሁበትም፤ ጆሮዬ ግን የሚችለው አይመስለኝም» አሉኝ።

ያም ሆኖ አደራ አደራ ነው። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። ለካ ደብረ ማርቆስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ጎረቤቶቿ ትርሲትን በስልክ አይተው «ልጅሽን የሆነ ነገር ይዟታል» ብለዋታል። «መጥቼ እወስዳታለሁ» አለች። «ትምህርቱም ይቅር። ጸበል አስገባታለሁ።»

ትርሲት አልተከራከረችም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። የምትጮኸዋ ልጅ እንዲያ ዝም ስትል ማየት ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ። እህቴ በምትገባበት ቀን ሻንጣዋን እየሸከፈች ትቻት መናኸሪያ ወረድኩ።

እህቴ ከመኪናው ስትወርድ እግሯ አብጦ ነበር። ባጃጅ ይዘን መንገድ ጀመርን። «ከሳች?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት።

ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ በራችን ላይ ድንኳን ሲተከል አየሁ።

የእድራችንን ድንኳን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጥጉ ላይ በሌላ ሸራ የተጣፈ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ወርዷል። ከአጥሩ ሥር ብዙ ወጣቶች ጥቁር ለብሰው በዝምታ ተደርድረዋል። ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ሟቹ ማን ይሆን ብዬ ሳልጨርስ የወጣቶቹ ቲሸርት ላይ ዓይኔ አረፈ። ሁሉም ደረት ላይ የትርሲት ፎቶ አለ።

ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶውን ጥቁር ቲሸርት ላይ አሳትመው እንደሚለብሱ የማያውቅ የለም። እህቴም ታውቃለች። ባጃጁ ሳይቆም ወረደች። መሬት ላይ ስትወድቅ ያወጣችውን ድምፅ እዚህ መጻፍ አልችልም። እኔ እንኳ ሳላነሳት ባጃጁን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ቀን አልበላችም፣ ብቻዋን ትቻት ወጣሁ፤ በልቤ የነበረው ይኼው ብቻ ነው።

የቤት አከራዬ ጋሽ ዳንጊሶ የእድሩ ዳኛ ናቸው። እያለቀሱ መጥተው እህቴን ደገፏት። «አይዞሽ እናቴ፣ ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሳ» ይሏታል።

ወጣቶቹ ግራ ተጋብተው ተነሱ። ከመካከላቸው ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ እህቴን አየች፣ ድንኳኑን አየች፣ የራሷን ደረት አየች። «ኧረ ጉድ ሆንን፤ ቲሸርቱን ገልብጡት» አለች። ወንዶቹ እዚያው አውልቀው ገልብጠው ለበሱ። ሴቶቹ በእጃቸውም በቦርሳቸውም ፎቶውን ሸፈኑት።

ይኼኔ ትርሲት በሩን ከፍታ ወጣች። ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ ነበር፤ የውጪውን ነገር አንዱንም አልሰማችም። የሰማችው የእናቷን ጩኸት ብቻ ነው። እህቴ ባየቻት ጊዜ አላመነችም። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ትከሻዋን በእጇ ዳሰሰቻት። ከዚያ አንድ ጥፊ አቀመሰቻትና እቅፍ አደረገቻት።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተጣራ። ልጆቹ የባንዱ ወዳጆች ናቸው። ትርሲት ልትወሰድ መሆኑን ሲሰሙ እናቷን በሽምግልና ሊለምኑ ተማክረው መጡ። ሽማግሌ እስኪፈቀድለት ደጅ ነው የሚቆየው ብለው፣ ጨዋ መስለው ለመታየት ዝም ብለው ተቀመጡ። ቲሸርቱን ያሳተሙት አቤቱታቸውን ያደምቅልናል ብለው ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ከቸርች ሲመለሱ ይህን አዩ። ፎቶው ላይ ያለችውን አልለዩምና «ማናት?» ብለው ጠየቁ። «ትርሲት ናት» አሏቸው። ምን አገኛት ብሎ በር ላይ መጠየቅ ነውር ነውና፣ እንባቸውን ጠርገው ድንኳን አስወጡ።

«እናንተስ ድንኳን ሲተከል ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለኛ ጥላ የተሠራልን መስሎን» አለ አንዱ አንገቱን ደፍቶ። «እንዲያውም እዚህ ሰፈር ሰው ሲያከብር እያልን ስናመሰግን ነበር።»

ጋሽ ዳንጊሶ አፍረው ግንባራቸውን ሲያሹ ቆዩ። «በሕይወት ላለች ልጅ ድንኳን የተከለ ዳኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። «ከእንግዲህ ሬሳውን ሳላይ ካስማ አላስመታም።»

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ተከተልናት። ጎረቤት የቀቀለው ንፍሮ መጥቶ ስለነበር ማን ይመልሰዋል? ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን በላነው። ወንዶቹ ቲሸርታቸውን እንደገለበጡ ነበሩ።

ፀጉረ አጭሯ ልጅ የመጡበትን ጉዳይ አልረሳችም። ከእህቴ ፊት ተንበረከከች። «እማዬ፣ የቡድናችን ሽማግሌ እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ?» አለቻት እህቴ። «አዎ፣ በዕድሜ እኔ ነኝ የምበልጠው። ትርሲትን ይተዉልን ልንል ነው የመጣነው። ትምህርቷን እንድታቋርጥ አንፈልግም፤ ስትደክም እኛ ራሳችን እናስጠናታለን። ስትዘፍን ግን እኛ መናገር ያቃተንን ነው የምትናገርልን።»

እህቴ የትርሲትን እጅ አልለቀቀችም። «ቅድም እዚያ መሬት ላይ» አለች በመጨረሻ፣ «እግዚአብሔርን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፅዋን አንዴ አሰማኝ አልኩት። ምን እንደምትል አልመረጥኩም።» ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረች። «ትምህርትሽን ጨርሺ። ከዚያ በተረፈ ጩኺ።»

እህቴ ደብረ ማርቆስ የተመለሰችው ብቻዋን ነው። ትርሲት ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ባንዱም አዲስ አበባ ሄዶ ተጫውቷል። እኔ ሙዚቃውን ዛሬም አልወደውም፤ ወደድኩ ብል ውሸት ነው። መድረክ በምትወጣበት ቀን ግን እስክትመለስ ቆሜ እጸልያለሁ። መንገድ ላይ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ልጆች ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ደረታቸው ላይ የማን ፎቶ እንዳለ አያለሁ፤ ቀጥሎ «እታለም፣ ደህና ዋልሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግራችኋለሁ። በዚያ ቀን በራችን ላይ ከነበራችሁ መካከል እህቴ መሬት ላይ ወድቃ ስታለቅስ በስልክ የቀረጸ አለ። ሰው ይስቅበታል ብሎ ያሰራጨው ቪዲዮ ደብረ ማርቆስ ድረስ ደርሶባታል። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኛም ስቀናል። ግን እናት ልጇ ሞታለች ብላ የጮኸችውን ጩኸት ደግማ መስማት አትችልም። የያዛችሁት እባካችሁ አጥፉልን። የልጅቷን እስክትጠግቡ ስሙ፤ የእናቷን ግን ተዉላት።