እናቴ ቤት የወደቁት ኮንቴነሮች

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ስልኬ ላይ የአንድ ሰው ስም በመጣ ቁጥር ስለሚያስቀኝ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሙያ «ኮንቴነር» የምንለው ብረቱን አይደለም፤ እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ለብቻው ታሽጎ የሚሠራበትን ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ኮንቴነሮቻቸውን ለብዙ ሰርቨር ያከፋፍላሉ። የእኔ አስራ ሁለቱም አፍንጮ በር እናቴ ቤት፣ ቡፌው ላይ በተቀመጠች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። ምን ላድርግ፣ አቅሜ እሷው ናት!

የዚያን ቀን የመጀመሪያ ደንበኛችን ሥራችንን አይቶ ሊፈርም ቴዎድሮስ አደባባይ ቢሮው ይጠብቀናል። እኔ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ታክሲ ስጠብቅ፣ ቀድሞኝ የደረሰው ባልደረባዬ ብሩክ ደወለ።

«ኧረ ፕሮግራሙ ምንም አይከፍትም! ሰውየው ሊነሳ ነው።»

ክው አልኩ። «ኮንቴነሮቹ ወድቀዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «ሁሉንም አንዷ ላይ ነው የጫንኳቸው፤ አለቀልን!»

ዞር ስል፣ ፒካፓቸው ላይ ጨርቅ የሚያስጭኑ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት አፍጥጠው ያዩኛል።

«ያ አላህ! ሰው ተጎዳ?»

«የለም አባባ፣ እናቴ ቤት ነው የወደቁት።»

«እናትሽ ቤት ላይ?!»

ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ! «አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ!» ብለው ጋቢና ከተቱኝ። ግማሹ ጨርቅ አስፋልት ዳር ቀረ። «አፍንጮ በር» ስላቸው፣ እየነዱ ክሬን ላለው ዘመዳቸው ደወሉ።

«ኧረ ሶፍትዌር ነው» እላለሁ።

«ጭነቱን ተይው፣ ነፍስ ይቅደም!» ይላሉ።

ስንደርስ እናቴ በረንዳ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ሰውየው ጣራውን አዩ፣ ግቢውን አዩ። «የታሉ?»

ሮጬ ገባሁ። እናቴ ሆዬ አቧራ እንዳይገባት ብላ ኮምፒውተሯን በዳንቴል ደራርባ ሸፍናታለች። ግላ ጠፍታለች!

«ይኸው አባባ፣ ሁሉም እዚህች ውስጥ ናቸው» አልኩ ዳንቴሉን እየገፈፍኩ።

እኔንና ኮምፒውተሯን አፈራርቀው አዩና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለክሬኑም ደውለው «ተወው፣ በእጅ ይነሳል» አሉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ኮምፒውተሯን ያራግቡላት ጀመር።

ስትቀዘቅዝ አበራኋት፤ ኮንቴነሮቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ብሩክ «ከፈተ! ከፈተ!» እያለ ደወለ። ደንበኛው ፈረመ።

አዛውንቱ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ዛሬም ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደውላሉ። «ልጄ፣ ኮንቴነሮቹ ቆመዋል? እናትሽስ?» ይሉኛል። ስቄ እዘጋዋለሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሆዴ ይባባል። የማያውቋትን እናቴን ከብረት ሥር ሊያወጡ፣ ጨርቃቸውን መንገድ ላይ ጥለው የመጡ ሰው ናቸው።