የመለስሁባት የመገበሪያ ስንዴ

በቆቦና በአካባቢዋ ለምትኖሩ የደብራችን ምእመናን፣ ከእኔ ዘንድ ዳዊት ለደገማችሁ ደቀ መዛሙርት፣ ከጠዋት ጀምሮም የወይዘሮ የሺን ፎቶግራፍ በየገጻችሁ ለለጠፋችሁ ሁሉ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ እሷ የማታውቁትን፣ ስለ እኔም የደበቅኋችሁን አንድ ነገር እንድታውቁ ነው።

«አረፈች» የሚለውን ቃል እጄ አሁንም በግድ ነው የሚጽፈው። ጠዋት ጎረቤቷ ከድጃ ደውላ «የኔታ፣ የሺ ሄደችብን» ስትለኝ፣ በስንት ፍትሐት ላይ የቆምሁ ሰው «የት ሄደች?» ብዬ ጠየቅሁ። ከድጃ ታለቅስ ነበር።

የማታውቋት ካላችሁ፣ የሺ ከከተማው ዳር ማሽላ እያረሰች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ መድኃኒት አጥቶ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ የአንድ ልጇ መርዶ ከጦር ሜዳ መጣላት፤ አስከሬኑን እንኳ አላየችም። በዚያው ክረምት ዝናቡ ቀረ፤ ማሽላዋም ሳያፈራ ደረቀ።

ዛሬ «የእምነት ጀግና» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ያን ጊዜ ግን ከእናንተው መካከል «ምን ኃጢአት ቢኖርባት ነው?» የሚሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልገሠጽኋቸውም። እሷ ግን «ለምን በአንቺ ላይ?» ለሚላት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፦ «እና በእኔ ቦታ ማንን ልጠቁምለት?»

ከመርዶው በኋላ በነበረው እሑድ ቅዳሴ ላይ አየኋት። በሴቶች መቆሚያ ዓምዱን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ስንወጣ ጠጋ ብዬ፣

«ጸሎትሽን ተውሽ እንዴ?» አልኋት።

«አኩርፌዋለሁ፣ የኔታ።»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ! አላናግረውም። ቤቱን ግን አልተውለትም።»

ደነገጥሁ፤ እንዲህ ያለ አነጋገር ለክርስቲያን እንደማይገባ ነግሬ ገሠጽኋት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ዓምድ ሥር ነበረች። በሚቀጥለውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ደበቅኋችሁ ነገር ልምጣ።

በዚያ የችግር ዓመት የርዳታ ስንዴ ይታደል ነበር። የሺ ለራሷ ከደረሳት ላይ ቀንሳ፣ ጠጠሩንና እንክርዳዱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ለሚካኤል በዓል መገበሪያ ይዛ መጣች። ለቅዱስ ቁርባን የሚጋገረው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ስንዴ ማለቴ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ከደጋ እየገዙ በየዓመቱ የሚያገቡት ስለታቸው ነበር። የዚያን ዕለት ተቀባዩ እኔ ነበርሁ።

«ከየት ያገኘሽው ነው?»

«ከርዳታው፣ የኔታ።»

«ምጽዋት መሥዋዕት አይሆንም። በላብሽ ያፈራሽውን ስታገኚ አምጪ።»

ይህን ያልሁት ሕዝብ እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። የሺ የተፈታውን ጨርቅ መልሳ ቋጠረችና ወጣች።

በማግስቱ ከድጃ ገበያ መሐል አቆመችኝ። «የኔታ፣ ስንዴዋን መለሱባት አሉ። እኛ ዘንድ ሶደቃ ከሰው እጅ ከገባ የዚያ ሰው ነው። እናንተ ዘንድ የማን ነው?»

የእስላም ሴት የሃይማኖቴን ሥርዓት ልታስተምረኝ ነው ብዬ ተቆጥቼ አለፍሁ። ቤቴ ገብቼ ግን መጽሐፍ ገለጥሁ። ሥርዓቱ ስንዴው ንጹሕ ይሁን ይላል፤ እኔ ያልሁትን ግን የትም አላገኘሁትም። ከራሴ ፈጥሬ፣ በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ፣ በእግዚአብሔር ስም ተናግሬ ነበር።

ይህን ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ለማንም አልተናገርሁም። ከእናንተ መካከል አንድ ቄስ ፊት ነሣኝ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ አለ። የሺ ግን በአደባባይ ያዋረዳትን ሰው እጅ እየነሣች ታልፍ ነበር፤ አንድ እሑድ አልቀረችም። ሞትም ድርቅም ከዚያ ደጅ አላስወጧትም። ሊያስወጣት የሞከረው የገዛ መምህሯ ነበር።

ሰኞ ዕለት መታመሟን ሰምቼ ቤቷ ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ቆርጬ ነበር። ከድጃ አጠገቧ ተቀምጣለች። ገና እንደተቀመጥሁ አፌ የለመደውን ጀመረ፤ የኢዮብን ትዕግሥት እተርክላት ያዝሁ።

«የኔታ» አለችኝ፤ «ኢዮብን ለጊዜው ይተዉትና ያንን ውኃ ያቀብሉኝ።»

ከድጃ ሳቀች። የሺም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ውኃውን አቀበልኋት። ከድጃ እየሰማች «በድዬሻለሁ» ማለት ከበደኝ። ስንዴውን የመለስሁት በሕዝብ ፊት ነበር፤ ይቅርታውን ግን አንድ ሰው እንዳይሰማብኝ ፈራሁ። ተነሥቼ ተሰናበትኋቸው።

ማክሰኞ ዋጃ ከተማ ተዝካር ላይ እንዳስተምር ተጠርቼ ሄድሁ። አስተማርሁም። ሰውም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

የሺ እኅቴ፣ «ነፍስሽን ይማር» ለማለት አፈርሁ፤ ምሕረት የሚያሻው ማን እንደሆነ አውቃለሁና። በድዬሻለሁ፤ ስንዴሽ ንጹሕ ነበር። ይህን ዛሬ አገር ሁሉ ያነበዋል፤ ያልደረሰው ለአንቺ ብቻ ነው። ወደ ባልሽና ወደ ልጅሽ በሰላም ሂጂ። ለእኔ የተረፈኝ ሰኞ ዕለት ከደጃፍሽ ስወጣ ከኋላዬ የተናገርሽው ነው፦

«የኔታ፣ ነገም ይምጡ እንጂ፤ የመጡበትን ጉዳይ'ኮ ሳይነግሩኝ ነው የሚሄዱት።»