ክብ ነው ወይስ ሞላላ?

ተመራማሪዋን ከልጅነቷ ጀምሮ «አየር ላይ ነው የምትኖረው» ይሏት ነበር። ሰው እያናገራት ሐሳብ ይዟት ጭልጥ ይላል። ሰሞኑን ይዟት የሄደው አንድ የአቶም አስኳል ነው።

«አስኳል?» አለ ልብስ ሰፊው አባቷ፣ ቀና ብሎ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለእንቁላል ነው እንዴ?»

«የአቶም ነው አባዬ። ክብ ይሁን ሞላላ ገና አልታወቀም።»

ችግሩ ወዲህ ነው። በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች የሚሳሳቡበት ኃይል ልኩ በትክክል ስለማይታወቅ፣ ግምቱን እየለዋወጡ ደጋግሞ ማስላት ግድ ይላል። አንዱ ስሌት በትልቁ ኮምፒውተር ዘጠኝ ቀን ይፈጃል፤ እሷ የምትፈልገው መቶ ሺህ ስሌት።

«የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥሽ» አላት አለቃዋ።

እሷ ግን አሥራ አምስት ብቻ አሰላች። ከአሥራ ሁለቱ ተምሮ የቀረውን በቅጽበት የሚገምት ትንሽ ፕሮግራም ሠራችና፣ ትልቁን ስሌት ስለሚያስመስል «አስመሳይ» አለችው። ለፈተና የደበቀችበትን ሦስቱን ስትጠይቀው ሁለቱን ልክ መለሰ፤ ሦስተኛውን ክፉኛ ሳተ።

«ተይው፣ አንድ ስህተት የት ይጠፋል» አለ አለቃዋ።

እሷ ግን አልተወችውም። ስህተቱ በተፈጠረበት ግምት አካባቢ አንድ ሙሉ ስሌት ጨምራ አዘዘች።

ዘጠኙን ቀን ከሥራ መልስ አባቷ መስኮት ሥር እየተቀመጠች አሳለፈች። የስፌት መኪናው ያጉረመርማል፤ የጨርቅ ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዋኛል። አስኳሉ በዓይኗ ላይ ይሄድባታል፦ ይነፋል፣ ይለጠጣል፣ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ውጤቱ መጣ። በዚያ ግምት ላይ ክቡና ሞላላው ቅርጽ ጉልበታቸው እኩል ለእኩል ነው፤ አስኳሉ በሁለቱ መካከል ያመነታል። አሥራ ሁለቱ ስሌቶች በአጋጣሚ ከክቡ ወገን ስለወደቁ፣ ምስኪኑ አስመሳይ የተማረው ክቡን ብቻ ነበር፤ ሞላላውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አስተማረችው። መቶ ሺሁን ስሌት ምሳ በልታ እስክትመለስ ጨረሰው።

«ሞላላ ነው» አለችው አባቷን። «ዕድሉ ከአሥር ሰባት እጅ ነው።»

«እኔ ለደንበኛዬ ሱሪህ ከአሥር ሰባት እጅ ይሆንሃል ብለው፣ ጥሎኝ ይሄዳል!»

አለቃዋ ግን አልቀለደም። ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበና አስኳልን በመሣሪያ ለሚለኩት ባልደረቦች ራሱ ደወለ፦ «ቀጣዩ ሙከራችሁ በዚህ አስኳል ላይ ይሁን፤ ልጅቷ ያለችውን አድርጉ።»

ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ፈገግ እንዳለች ከመውረጃዋ ሁለት ፌርማታ አለፋት። ወርዳ፣ ሳትቸኩል፣ በእግሯ ተመለሰች።