ለሸለምጥማጥ የታጠበ ዶሮ

ልጄ እንስሳውን ይዛ የመጣች ቀን እኔ ሸለምጥማጥ ነው ያልኩት። ሰውነቱ ረዥም፣ እግሩ አጭር፣ ዓይኑ ዶሮ ሊሰርቅ የቆረጠ። እሷ ግን ፌሬት ነው አለችኝ። የክፍል ጓደኛዋ ቤተሰብ ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ሲል የሚወስደው ሰው ጠፍቶ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለ ፍጥረት በዶሮ ቆጥ አጠገብ ከታየ አገሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። አሁን በምንኖርባት ከተማ በሆፕኪንስ ግን የራሱ አልጋና የራሱ ሐኪም አለው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እኔም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስሠራ እውላለሁ። ልጄ ከፍ ስትል ከእኔ ጋር ማውራት ተወች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ያውም በአንዲት ቃል። ከዚያ እንስሳ ጋር ግን ክፍሏን ዘግታ ስታወራ፣ ስትስቅ እሰማታለሁ። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ያ በር ለእኔ ጨርሶ እንደሚዘጋ ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ሸለምጥማጡን አከበርኩት።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። የሚበላው ደረቅ ምግብ ጤናውን ይጎዳዋል፣ ከእንግዲህ ጥሬ ሥጋ ነው መብላት ያለበት አለች። ጥሬ ስትለኝ ወዲያው የታየኝ ብርንዶ ነው። «አዋዜም ላዘጋጅለት?» አልኳት። አልሳቀችም። ዶሮ ከነአጥንቱ፣ ልቡ፣ ጉበቱ ነው አለች። ሐኪሙም ይቻላል ብሏል፤ ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ ከደረቁ ምግብ ጋር በጥቂቱ እየቀላቀሉ ማለማመድ ነው። ደግሞ ይሄ እንስሳ ረሃብ አይችልም፤ ግማሽ ቀን እንኳ ሳይበላ ከዋለ ይደክማል፣ ሊሞትም ይችላል። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ሸለምጥማጥ ቁርሱ እንዳይዘገይበት ስጨነቅ ራሴን ታዘብኩት። ጾም የያዘው ማን ነው፣ ሥጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀብኝ።

ገና ልንጀምር ስንል ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ለአንድ አዳር ዱሉዝ ወደምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ሊወስድ ሆነ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመችና ዶሮ ገዝቼ ትንሽ ከትፌ ከደረቁ ምግብ ጋር እንድቀላቅልለት ነገረችኝ።

«ማም፣ ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ» አልኳት። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር በአደራ ስትሰጠኝ ነው፤ ደስ አለኝ።

አደራዬን ለመወጣት ሙሉ ዶሮ ገዛሁ። ቆዳውን ገፍፌ፣ ስቡን ለቅሜ፣ ብልት በብልት አወጣሁት። ከዚያ በጨውና በሎሚ አሸሁት፣ በዱቄት ፈተግኩት፣ ውሃው ኩልል እስኪል አለቀለቅኩት፣ ደግሞ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ዘፈዘፍኩት። ለእንግዳ ወጥ ስሠራ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ሥጋው ወረቀት መስሎ ነጣ። ከትፌ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ደረቅ ምግብ ጋር ሁሉንም ለውሼ አቀረብኩለት።

መጣ፣ አሸተተ፣ አፍንጫውን ምንጣፉ ላይ ጠረገና ወደ ኋላ ሄደ።

ዶሮ ሰርቆ በመብላት የታወቀ ዘር፣ ዶሮ ተከትፎ ቢቀርብለት እምቢ አለ! መጀመሪያ ተናደድኩ። «አንተ፣ ለእኔ እንኳ ያልተፈቀደ ነው እኮ የቀረበልህ» አልኩት። ቀጥሎ ምናልባት ሽታ ቀርቶበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ብልት አነሳሁና ሎሚውን ጨምሬ እንደገና አጠብኩ። የባሰውን ሸሸኝ። ሌሊት ሲርበው ይበላል ብዬ ሳህኑን አጠገቡ ትቼ ተኛሁ።

ጠዋት ሳየው ሳህኑ አልተነካም። ሳነሳው እንደ እርጥብ ካልሲ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። ዓይኑ አለ፣ ግን አያየኝም። ደነገጥኩ። ምን እንዳጎደልኩ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ያለችኝን አድርጌያለሁ፣ እንዲያውም አስበልጬ። ባልነግራት ሊሞት ነው፣ ብነግራት አደራ በላ ልባል ነው። ደወልኩላት።

በቪዲዮ መጣች። ከኋላዋ በበረዶ የነጣ ሐይቅ ይታያል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። አቅፌው ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። ምን እንደሰጠሁት ጠየቀችኝ፤ ስልኩን ወደ ሳህኑ አዞርኩላት።

«ማም፣ ለምንድነው ዋይት የሆነው?»

«አጥቤው ነዋ።»

«በምን?»

«በሎሚ ነዋ! በጨው፣ በዱቄት። ታዲያ ሳላጥበው ልሰጠው ኖሯል?»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በእንግሊዝኛ እየተንተባተበች አስረዳችኝ። ይሄ እንስሳ ምግብን የሚያውቀው በማሽተት ነው፤ ሽታ የሌለውን ምግብ ነው ብሎ አይቀበልም። ሎሚ ደግሞ ጠላቱ ነው። ስለዚህ እኔ ሽታውን ከዶሮው ላይ አጥፍቼ፣ የሚጠላውን ቀብቼ፣ የቀረችውንም ደረቅ ምግብ በእሱው ለውሼበታለሁ። ያልታጠበ ዶሮ በሕይወቴ ለማንም አቅርቤ አላውቅም፤ ሴት ልጅ ባለሙያ የምትባለው በዚህ አልነበር? ንጽሕና ይገድላል ቢሉኝ ማን ያምናል?

«ሐኪም ቤት ልውሰደው?» አልኳት።

«መጀመሪያ ያልታጠበ ነገር የለም? ኤኒቲንግ?»

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ሻጮቹ ጉበቱንና ልቡን ቋጥረው ዶሮው ሆድ ውስጥ የሚከቷት ትንሽዬ ላስቲክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበረች። እሷን አጥቤ ለመስጠት ገና ጊዜ አላገኘሁም ነበር። ቀደድኳት። ጉበቱ ከነደሙ ጣቴ ላይ ተዝለገለገ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። በጾም ምድር፣ በባዶ ሆዴ! ይቅር ይበለኝ እያልኩ እንስሳውን በፎጣ ጠቀለልኩት፣ በግራ ክንዴ ጉያዬ ውስጥ አስገባሁት፣ አገጩን በአውራ ጣቴ ደገፍኩና ደሙን ድዱ ላይ ቀባሁለት። ምንም የለም። ደገምኩ። ምንም። ልጄ ዱሉዝ ሆና ትንፋሿ ይሰማኛል። በሦስተኛው ምላሱ ወጣች። ጣቴን ላሰኝ። ከዚያ ጥርሱ መጣ፤ ነከሰኝ፣ እኔም አልሸሸሁም።

«በላ?» አለች። በአማርኛ፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል።

«እየበላ ነው።»

እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ጉበቱን በትንሽ በትንሹ እየቆረስኩ ሳጎርሰው ታየኛለች።

«እንደዚህ መያዝ የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ።

«በአንቺ ነዋ። ያለ ጊዜሽ ነው የተወለድሽው። ጡቱንም ጡጦውንም እምቢ አልሽ። እንዲህ ጠቅልዬሽ፣ ወተቱን በጣቴ እየነከርኩ ድድሽ ላይ እቀባልሽ ነበር።»

ይሄን ነግሬያት አላውቅም ነበር። የምነግራት መቼ ተገኝታ። ስልኩ ላይ ፊቷ በጣም ቀረበ።

«እኔም አልበላም ነበር?»

«አትበዪም ነበር።»

«ፈርተሽ ነበር?»

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ደህና ነበርኩ ልላት ቃጣኝ።

«አሁንም እፈራለሁ» አልኳት።

ጓደኞቿ ይጠሯታል። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።