ሰውነት የለኝም ያልኩ ቀን

እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ዛሬም ጀርባዬን ያልበኛል። ባለፈው ሰሞን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ተረስቶ የሰነበተ ሹራብ ሳወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ባንድ አፍታ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች፣ እሠራበት በነበረው መጋዘን በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው፤ እኔም ገና ጎረምሳ ነበርኩ።

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር። እኔ ማንም ያላስተማረኝ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን ገጾቹ ከተገነጣጠሉ አሮጌ መዝገበ ቃላት፣ የዕቃ ማንሻውን የፎርክሊፍትን ሞተር ደግሞ ከራሱ ከሞተሩ ተማርኩ። መጋዘኑ ውስጥ ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነበር። ራሴን የማሞግስ ከሚመስለው ሰው ጋር አልከራከርም፤ እውነት ነውና።

አንድ ነገር ብቻ አልታዘዝ አለኝ፤ ሰውነቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ። ሰፈር ሳለሁ «ሽቦው» ሲሉኝ እስቅ ነበር። በኋላ ኤድስ መጣና መክሳት ሌላ ትርጉም አገኘ። በዚያ ዘመን አበሻ «ወፈርክ» ካለህ መረቀህ ማለት ነው፤ «ከሳህ» ካለህ ግን በዓይኑ የሚጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ ዳላስ ስመጣ ጥያቄው ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላምታው «ምነው ከሳህ? ደህና ነህ?» ነበር። አንድ ሽማግሌማ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ደረቴ ላይ ጭነው ስለ ፈውስ ጸለዩልኝ። ለቪዛው ተመርምሬ ነጻ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ግንባርህ ላይ ለጥፈህ አትሄድም።

ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ከሥራ ልብሴ ሥር ሁለት ከናቴራና አንድ ወፍራም ሹራብ ደረብኩ። ትከሻ አወጣሁ። ጊዜው የቴክሳስ ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ተጎታች ውስጥ ገብቼ ካርቶን ስደረድር ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ አየሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሱፉም ላቤን እየጠጣ ይከብደኛል። መስታወት ባየሁ ቁጥር ግን የማስበው አንድ ልብስ ስለመጨመር ነበር። በግድ እበላና መልሼ አወጣዋለሁ። እንቅልፍ ራቀኝ። ከሰው ጋር መቀመጥ ተውኩ። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ ተጎታቹ ውስጥ ወደቅኩ።

ሆስፒታል ስነቃ አጠገቤ የቆመችው እዚያው በረዳት ነርስነት የምትሠራ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ በልማዳችን «እህት» የምላት ሴት ነበረች። ሹራቡን በመቀስ ቆርጠው አውልቀውልኛል። ሐኪሙ ጎረቤት ከተማ አርሊንግተን ያለች የምክር ባለሙያ ዘንድ እንድሄድ አዘዘ። እኔ እብድ አይደለሁም አልኩ።

«እብድማ ብትሆን ሹራቡን ታወልቅ ነበር» አለችኝ እህት።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። ወደ አርሊንግተን ባቡር የለም፤ መኪናም ገና አልገዛሁም፤ ከሥራዋ ስትወጣ በራሷ መኪና ልታደርሰኝ ቃል ገባች። ላስተርጉምልህ ስትለኝ ግን ተቆጣሁ። እኔ እንግሊዝኛ ሳላውቅ ነው?

«የመጋዘን እንግሊዝኛ ሌላ፣ የሆድ ሌላ ነው ወንድሜ» አለችና ገብታ በመካከላችን ተቀመጠች። ሥራ ቦታዋ እንዳስተማሯት ስታስተረጉም «እሱ እንዲህ ይላል» አትልም፤ የእኔን ቃል «እኔ» እያለች በራሷ አፍ ትናገረዋለች።

ባለሙያዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቃል የምትጎትት የቴክሳስ ሴት ነበረች። ስለ ሰውነትህ ምን ይሰማሃል ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በአማርኛ፣

«ሰውነት የለኝም እኮ» አልኩ።

ሥጋ የለኝም፣ ቀጭን ነኝ ማለቴ ነው። እህት ግን ቃሉን በሌላ ጫፉ ያዘችውና «እኔ ሰው አይደለሁም» ብላ በእንግሊዝኛ አስተላለፈችው። ስህተቱ ወዲያው ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ላርማት እጄን አነሳሁ። ባለሙያዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በዝግታ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። መልስ ነበረኝ። ቤት ተጋርተን አብረውኝ የሚኖሩት ያገሬ ልጆች የውሃ ብርጭቆዬን ለይተው መደርደሪያው ጥግ ላይ ካስቀመጡበት ቀን ጀምሮ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ብርጭቆው ብቻ ተለየ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተናገርኩት፤ እህትም «ብርጭቆዬን» እያለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ አሻገረችልኝ።

ብርዱ እስኪገባ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ተመላለስን። ምግብ ሆዴ ውስጥ መቆየት ጀመረ። እንቅልፌም ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ሸሚዝ ብቻ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ከሳህ ሲሉኝ «አዎ፣ ቀጭን ነኝ» ብዬ አለፍኩ። እህት በመንገድ ላይ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ መዝሙር ልምምድ ታወራኝ ነበር። እዚያ ክፍል ስለሰማችው አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ስለ ራሷም ምንም አትልም። ዛሬ በሕይወት የለችም።

ከመጨረሻዎቹ ሐሙሶች በአንዱ ባለሙያዋ ከማን ጋር እንደምበላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር መብላት ጀምሬያለሁ፤ እሁድም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጠሩኛል። ይህንኑ በአማርኛ ተናገርኩ። በመስኮቱ የገባው የማታ ፀሐይ እህት ጭኗ ላይ ያጣመረቻቸው እጆቿ ላይ አርፏል። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በዚያ በለመደችው «እኔ»፣ እንዲህ አለች፦

«የምበላው ብቻዬን ነው። እሁድ እንኳ የሚጠራኝ የለም።»

እኔ እንዲህ አላልኩም። እሷም የራሷን ቃል ዘግይታ ሰማችው መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። ሰው ቃል ሲሳሳት ዝም ማለት ያቅተኛል፤ የፓስተሩን እንግሊዝኛ በጉባኤ መካከል ያረምኩ ሰው ነኝ። ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞራ እውነት ነው ወይ አለችኝ።

«አዎ» አልኳት በራሴ እንግሊዝኛ፤ «እሁድ በጣም ይከብደኛል።»

ባለሙያዋ ወንበሯን ቀረብ አደረገችና ስለ እሁድ ትጠይቅ ጀመር። ሁለታችንም መለስንላት።