ሳምባዬ ላይ የታየው ጥላ

ይህ የሆነው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጎንደር ውስጥ የራጅ ማንሳት ሙያ ስማር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ የማይወጣው ጣጣውን በገዛ አፌ ጎትቼ ስላመጣሁት ነው።

ነጭ ጋዋን ከለበስኩ መንፈቅ አልሞላኝም፤ እውቀቴ ግን ከጣሪያ በላይ ነበር። ከሩቁ ከመካነ ብርሃን አገር በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ደረታቸውን ሊነሱ ሲቀርቡ፣ «አያ፣ ክታብዎን ያውልቁ! ይህ የሳይንስ ቤት ነው» ብዬ እጮሃለሁ። ክታብ ፊልሙ ላይ ጥላ ይጥላላ! ይህን ስሰብክ ድምፄ ግቢውን ይሞላው ነበር።

እናቴ የትምህርቱን ፈተና እንዳልፍ ብላ በደብተራ አስጽፋ፣ በቆዳ አራት ማዕዘን አድርጋ አሰፍታ ከጠዳ የላከችልኝ ክታብ ደግሞ በካናቴራዬ ሥር ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን ተማሪዎች በሙሉ ደረታችሁን ተነሱ ተባልን። የሳምባ ነቀርሳ የተገኘበት ከትምህርቱ ይሰናበታል። ጓደኞቼ ፊት አውልቄ ከምዋረድ ብዬ ክታቡን ወደ ጀርባዬ አዞርኩት። ከኋላ ያለ ነገር ጥላ እንደማይጥል የትኛው መጽሐፍ እንዳስተማረኝ እንጃ።

ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀኝ ሳምባዬ ላይ ጥላ አለ። በዚያው ዕለት ነቀርሳ ክፍል ተኛሁ። እውነቱን ብናገር ትምህርቴ ይተርፋል፤ ግን ስጮህ የሰማኝ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው። ስለዚህ ነቀርሳውን መረጥኩ። በማግስቱ ደህና አድርጌ መሳል ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ወሬው የደረሳት እናቴ ከጠዳ በእግሯ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ሳለ፣

«ምነው ልጄ፣ ያን ክታብ ጣልኸው አይደል? ብታስረውማ ይህ ጉድ ባልነካህ!» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ይህን አልቻልኩም። ካናቴራዬን ገልጬ አወጣሁት። «ይኸው እምዬ፣ አልጣልኩትም!»

ሐኪሙ ክታቡን አየ፤ እኔን አየ። «ለካ ነቀርሳው ማዕዘን ያለው ለዚህ ኖሯል» አለና ወደ ራጅ ክፍል ወሰደኝ። ያለ ክታብ የተነሳሁት ፊልም ንጹሕ ሆነ። ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፤ ጓደኞቼም እስኪጠግቡ ሳቁብኝ።

እናቴ «ሸጋ! ክታቡ በሽታውን ስቦ አወጣልህ» ብላ ሳመችኝ። ላስረዳት አልደፈርኩም። ስትሄድ ግቢው በር ላይ ቆም ብላ ነጠላዋን ስትገለብጥ አየኋት። ለካ የመጣችው እንደ ለቅሶኛ አዘቅዝቃው ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጓደኞቼ ሳቅ ድሮ ወጥቶልኛል። ያቺን ነጠላ ባሰብኩ ቁጥር ግን አፍራለሁ።