ለእሪ በከንቱ ቁልቁለት የሚሆን ጎማ

በእነዚያ የደርግ ዓመታት መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ እነድፋለሁ፤ የምኖረው እሪ በከንቱ፣ እህቴ ቤት ነው። ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ቀጭን መስመር ሳሰምር እውላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ ያመሻል። እህቴ «ማን ጠራህና ነው የምትቸኩለው?» ትለኛለች። ማንም አልጠራኝም። ግን ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሲፈለግ በቀላሉ ይገኛል። የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ የውይይት ክበብ አለ፣ የወጣቶች ስም ዝርዝር የያዘ ሰው በር ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ ከመቀመጥ መንቀሳቀስ ይሻለኝ ነበር። የምሄድበት ሳይኖረኝ ፒያሳን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሬ እመለሳለሁ።

ሞተር ሳይክሉ እጄ የገባው በዚህ መሀል ነው። የእህቴ ባል ንብረት ነበር። እሱን ጋሼ እለዋለሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ፒያሳ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሱፍ ቆራጭ ነው። ከአብዮቱ በፊት ግን እሁድ እሁድ በሞተር ይወዳደር ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ለልምምድ ወጥቶ ወደቀና ግራ እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱ ሲጠገን አጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። ውሻ ገባብኝ ብሎ ነው ለሁላችንም የነገረን። ሲሻለው ሞተሩን አሠርቶ ግቢው ጥግ በሸራ ሸፍኖ አቆመው። አልሸጠውም፣ አልነዳውምም።

ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ቆመ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል አይቶኝ ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «በል ውሰድ፤ እኔን ከምታዞረኝ እሱን አዙረው» አለኝ። እህቴ ሁለት ቀን አላናገረችንም።

ቀይ የጣሊያን ሞተር ነው። መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲነዱት በደረት ቤንዚን ታንኩ ላይ መተኛት ነው። መንዳቱን ጋሼ በመንገዱ ጠርዝ እያነከሰ እየተከተለ ሁለት ሳምንት አስተማረኝ። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ብዙ አልሄድም፤ ከቤት ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ በሥላሴ በኩል ዞሬ ወደ ቤት። ያችን ታህል መንገድ እየሄድኩ ራሴን ነጻ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር።

ጎማውን ግን ማናችንም ልብ ብለን አላየነውም። ጥርሱ መሀል ለመሀል አልቆ ፊቱ ለስልሷል፤ ዳርና ዳሩ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ሐምሌ ላይ፣ ካፊያ ጥሎ ባባራበት አንድ ቀን፣ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ጥርብ ድንጋይ ስወርድ የፊት ፍሬን ነካሁ። በደንብ እንኳን አልያዝኩትም። የፊቱ ጎማ ከሥሬ ሄደ። እኔና ሞተሩ ጎን ለጎን ተንሸራተን ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይዘው በሚመለሱ ሰዎች እግር ሥር ቆምን። ጉልበቴ ተልጧል፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ አንዱ መስታወት ረግፏል። ሰዎቹ ደግፈው ካነሱኝና መትረፌን ካረጋገጡ በኋላ አንዱ ጎልማሳ ስኳሩን ብብቱ ሥር እያስተካከለ «ወንድም፣ ቁልቁለቱ እዚሁ ነው፤ የትም አይሄድብህም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ሞተሩን እየገፋሁ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ ወደሚገኝ ጎሚስታ ሄድኩ። ባለቤቱ ከወሎ መጥተው ፒያሳ ያረጁ ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ ጎማ ሲያወልቁና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የእጃቸው መዳፍ ራሱ ጎማ መስሏል። ተቀምጠው የፊቱን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጫኑት። ጥፍራቸው ምንም ምልክት አልተወም። ጎማው መድረቁን፣ ደረቅ ጎማ በደረቅ መንገድ እንኳን ሰው እንደሚያታልል ነገሩኝ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ። ስንት ወር እንደነዳሁ፣ በየት በየት እንደምሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደምጠለል ወይስ እንደምቀጥል። መለስኩላቸው።

የመንግሥት መደብር ያለው ለገጠር መንገድ የሚሆን ጥርሰ ትልልቅ ጎማ ብቻ መሆኑን፣ እሱ በጥርብ ድንጋይ ላይ እንደሚያንቀጠቅጠኝ፣ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ተራ የከተማ ጎማ፣ ፊቱም ኋላውም አንድ ዓይነት፣ ውሃ የሚያወጣበት ጥርስ ያለው እንደሆነ አስረዱኝ። መደብሩ ዕቃ ሲያስገባ እንዲነግሩኝ ስሜን እንዳስመዘግብ መከሩኝ፤ እሳቸውም መርካቶ እንደሚያስጠይቁልኝ ቃል ገቡ። በመጨረሻም ታገሥ አሉኝ። በዚያን ጊዜ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ አምርሬ የምጠላው እሱን ነበር።

ሳምንት ታገሥኩ። መደብሩ በየቀኑ ሄድኩ፤ በየቀኑ «አልገባም» አሉኝ። በስምንተኛው ቀን ጋሼ ጠራኝና ወደ መኝታ ቤታቸው አስገባኝ። እህቴ ገበያ ሄዳለች። ከአልጋው ሥር በነጭ አንሶላ የተጠቀለሉ ሁለት ጎማዎች አወጣ። ሲፈታቸው ለሕፃን ገላ የሚነሰነስ ዱቄት ሽታ ክፍሉን ሞላው። የውድድር ጎማዎች ነበሩ። ጥርስ የሚባል የላቸውም፤ ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ዙሪያቸውን ዞሯል። እግሩ የተሰበረ ጊዜ ለመጨረሻው ውድድር አስመጥቷቸው ሳይገጠሙ የቀሩ ናቸው። እንዳይደርቁ በየዓመቱ እያወጣ ዱቄት ይነሰንስባቸው ኖሯል።

«እነዚህን ግጠምበት። እንደነዚህ ያለ አዲስ አበባ ውስጥ አታገኝም» አለኝ።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ወዲያው በትከሻዬ አንግቼ፣ ሞተሩን እየገፋሁ ጎሚስታው ዘንድ ደረስኩ። አዛውንቱ ጎማዎቹን እያገላበጡ አዩአቸው፤ በአድናቆት ዳበሷቸውም። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«አልገጥምልህም» አሉኝ።

«ለምን አባባ? አዲስ እኮ ናቸው።»

«ይህ የውድድር ጎማ ነው፣ ልጄ። መንገድ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። አንተ ከቤትህ ፒያሳ እስክትደርስ ይሞቃል? አይሞቅም። ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ውሃውን የሚያወጣበት የለውም። በዚያ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ዱቄቱ መልኩን ይጠብቃል እንጂ ዕድሜውን አይመልስም። እሱን መንዳት የሚያውቅ ሰው ራሱ ይፈራዋል።»

እሱን መንዳት የሚያውቅ ሰው ነው የሰጠኝ ልላቸው ፈለግሁ፤ ዋጥኩት። ጎማዎቹን አንስቼ፣ ሞተሩን እየገፋሁ፣ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ሰላሳ እርምጃ ሳልሄድ ሌላ ጎሚስታ አገኘሁ። እሱ ምንም አልጠየቀኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጠመልኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በወጣትነቴ ከማስታውሳቸው ቀኖች ሁሉ ደስ የሚሉ ነበሩ። ሰማዩ ጠራ፤ ፀሐይ ድንጋዩን አሞቀችው። ሞተሩ ጠመዝማዛ ላይ በሐሳብ ብቻ የሚዞር ይመስል ነበር። በልብስ ስፌት ቤቱ በር ሳልፍ ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጋደመ፣ ጠመኔውን እንደያዘ በሩ ላይ ወጥቶ ይጠብቀኛል። ሳልፍ አይቶኝ፣ ዞሬ እስክመለስ እዚያው ይቆማል። ሱፍ ሊያስለካ የመጣ ሰው ውስጥ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀው እንኳን አይገባም ነበር። ያኔ የኩራት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ለሥራ ስወጣ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ዳገት በቀስታ ወጣሁት፤ ሁለት ጊዜ የኋላው ጎማ ባለበት ተሽከረከረ። የአየሩ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሥራ ስመለስም ካፊያው አላቆመም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ደርሼ ሞተሩን አቆምኩ። የወደቅኩበት ድንጋይ ከታች ይታየኛል፤ ውሃው ጥቁር አድርጎታል። አንድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ጎማውን በጣቴ ነካሁት። እንደ ብርጭቆ ቀዝቅዟል። ከኋላዬ ታክሲ ጥሩንባ ነፋብኝ። ጥግ ያዝኩ። መውረድ አልቻልኩም። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሞተሩን አጠፋሁና ፍሬኑን እየያዝኩ፣ እያዳለጠኝ፣ እስከ ቤት በእጄ ገፍቼ አወረድኩት። ከመንገዱ ዳር የሰማሁትን ቀልድ አልጽፈውም፤ ብዙ ነበር።

በማግስቱ ወደ አዛውንቱ ጎሚስታ ተመለስኩ። «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ወንበር ሰጥተውኝ አሮጌዎቹን ጎማዎች እንኳን መልሰው እንደማይገጥሙ፣ ትክክለኛው እስኪገኝ በእግሬ እንድሄድ ብቻ ነገሩኝ። ያንን ለጋሼ መንገር ደግሞ የእኔ ፋንታ ሆነ።

በምሳ ሰዓት ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ሌሎቹ ወጥተዋል፤ እሱ ብቻውን ጥቁር ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያሰምራል። ጎማዎቹን እንደማወልቃቸው ነገርኩት። ለምን እንደሆነም፣ ጎሚስታው ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። ቀና አላለም። መስመሩን እስከ ጫፉ ጨረሰ።

«ውሻ አልነበረም» አለኝ።

አልገባኝም። ጠመኔውን አስቀመጠ።

«የወደቅኩ ቀን። ውሻ አልነበረም። ማለዳ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጎማው እንደዚህኛው ያለ ነበር። ሳላሞቀው መጠምዘዣው ውስጥ ገባሁ። የጣለኝ ወይ ጎማው ነው፣ ወይ እኔው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

የሱፉን ጫፍ በመዳፉ አስተካከለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንተ ስትነዳው አይቼ ልወቅ ብዬ ነው» አለኝ።

እግሬ ሥር ያለውን ጨርቅ ረግጬ ወጣሁ። ተቆጥቻለሁ፤ ከፒያሳ እስከ ሥላሴ፣ ከሥላሴ መልሼ ፒያሳ፣ እስኪደክመኝ በእግሬ ዞርኩ። ልጮኽበት መመለስ አሰብኩ። ግን በበሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ የነበረው ፊቱ እየመጣ ያስቆመኛል። ኩራት ያልኩት ነገር ኩራት አልነበረም። ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ሱፍ ሲቆርጥ፣ ያ የወደቀበት ጠዋት በውስጡ ሳያልቅ ኖሯል። ይህን ሳስብ ቁጣዬ አልጠፋም፤ የምጥልበት ግን ጠፋኝ። ለእህቴ አልነገርኳትም። ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። የፊቱ ጎማ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መደብሩ ገባ። እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው፤ አዛውንቱ ጥግ አስቀምጠው አልገጥምም አሉኝ። አንድ አዲስ፣ አንድ አሮጌ አድርጎ መንዳት አንዱን ጫማ ብቻ አድርጎ እንደ መሄድ ነው ብለው እንደገና ታገሥ አሉኝ። በየቀኑ እየሄድኩ ያንን ጎማ አየዋለሁ። እሳቸውም በየቀኑ ሻይ አዘው ያስቀምጡኛል፤ ሳላስበው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሳልነሳ እቀመጥ ጀመር። ጓደኛው፣ የኋላው ጎማ፣ መርካቶ የተገኘው ለአዲስ ዓመት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሲገጥሙልኝ በጎኑ ላይ የተቀረጸው የቀስት ምልክት ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን አሳዩኝ። አየሩን ሞልተው፣ አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ስለሚያንሸራትት ለጥቂት ቀናት ፍሬን ድንገት እንዳልይዝ፣ ሳላዘነብል እንድነዳ አስጠነቀቁኝ። መልኩ ምንም የሚያኮራ አልነበረም። የፖስታ አመላላሽ ሞተር ላይ ያለ ነው የሚመስለው።

ጋሼና እኔ እነዚያን ሳምንታት ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። የውድድር ጎማዎቹን መልሼ ከአልጋው ሥር አስገብቼለት ነበር፤ አንድ ቀን እህቴ አውጥታ ለጫማ ሠሪ ሰጠቻቸው። እሱም የተጠቀለሉበትን አንሶላ አጥፎ አስቀመጠ።

መስከረም ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ እሁድ ጠዋት ሞተሩን ስወለውል መጣና አጠገቤ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ከዚያ የኋላውን። «ደህና ነው» አለ። ቀና ብሎ ከኋላዬ ለእሱ ቦታ እንዳለ ጠየቀኝ። መቀመጫው ለሁለት ሰው ጠባብ ነበር፤ አለ አልኩት። እግሩን በእጁ አንስቶ አሳልፎ ተቀመጠ። እህቴ ከኩሽናው በር ላይ ሆና አየችን።

በሥላሴ በኩል ዞርን። መጠምዘዣው ላይ ስደርስ እንዳስተማረኝ በቀስታ አዘነበልኩ፤ እሱም ከእኔ ጋር እኩል አዘነበለ፣ ሳይቀድመኝ፣ ሳይዘገይ። መንገዱ ቀጥ ሲል በጆሮዬ «ትንሽ ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። የኮቱ ጫፍ ጎኔን ሲመታኝ ይሰማኛል። ጥቂት እንደሄድን ትከሻዬን ጫን አደረገና «በቃ» አለኝ። ቀነስኩ።